የብርሃን ሄልሜቱን ለብቻው መስጠት ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከጥር ወር መጀመሪያ ወዲህ በማዕከላችን የብርሃን ሄልሜቱን፣ ማለትም ጭንቅላት ላይ ተደርጎ ብርሃን የሚያበራውን መሣሪያ፣ ያለ ቴራፒ ለብቻው መስጠት ማቆማችን ብዙዎቻችሁን አስከፍቷል። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተጻፈውን በሙሉ አንብቤዋለሁ። «ብር ለመሰብሰብ የተፈጠረ ዘዴ ነው» ያለ አለ። «ልጄ ለውጥ ማሳየት ሲጀምር ቆረጣችሁበት» ያለችም እናት አለች። በድንገት ስለመጣባችሁና ስለተጉላላችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ባለበት ይቆያል፤ ምክንያቱን ደግሞ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

መጀመሪያ የወሰንነውን በትክክል እንያዝ። ብርሃኑን የሚወስድ ሰው የንግግር ወይም የአመጋገብ (የመብላትና የመዋጥ) ቴራፒ እየተከታተለ መሆን አለበት። የግድ እኛ ጋ አላልንም። ሌላ ቦታ የሚከታተል ከቴራፒስቱ ማስታወሻ ይዞ ከመጣ እናስተናግደዋለን። ይህቺን ነገር ግሩፑ ላይ አንድም ሰው አላነሳትም።

ብር ለመሰብሰብ ቢሆን ኖሮ የምናደርገው ተቃራኒውን ነበር። ሄልሜቱን ጭንቅላት ላይ አድርጎ ሰዓት ለመቁጠር አንዲት ረዳት ትበቃለች። ወጪው ያለው ቴራፒስቱ ላይ ነው። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ተራ የጠበቃችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሄልሜቱ ብቻ ቢሆን ሥራው ለእኔም ቀላል ነበር። ደግሞም አትራፊ።

ስለ ብርሃኑ የሚወራው ስለበዛ እሱንም ላስረዳ። ባለሙያዎች ፎቶባዮሞጁሌሽን ይሉታል። ቀይ ብርሃን፣ ወይም ከቀይ ቀጥሎ ያለና ዓይን የማያየው ብርሃን ነው። የእኛ መሣሪያ በ810 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት ይሠራል። ኤሌክትሪክ ወደ ጭንቅላት አይልክም፣ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም አይደለም። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ማይቶኮንድሪያ፣ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም በኩል ብርሃኑን ይቀበልና ሥራው ይነቃቃል። መነሻው ሃንጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤንድሬ ሜስተር የሚባል ሐኪም ቡዳፔስት ውስጥ ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበራ ፀጉሩ ቶሎ በቀለ። ወደ አንጎል የተዞረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

«ውጭ አገር የተረጋገጠ ነው» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። በስትሮክ ላይ ትልቁ ሙከራ ኔስት የተባለው ነው። ስትሮኩ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ጭንቅላት ላይ ሌዘር ማብራት ነበር። 120 ሰዎች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ዙር ተስፋ ሰጠ። ሁለተኛው 660 ሰዎች ነበሩት፤ በዋናው መለኪያ በቂ ልዩነት አልታየም። ሦስተኛው ጥቅም አይገኝበትም ተብሎ ሳያልቅ ቆመ። በሌላ በኩል ደግሞ ማርጋሬት ኔይዘር የምትባል የቦስተን ተመራማሪ አለች። ከስትሮክ በኋላ ንግግር ያስቸገራቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ሠርታ፣ የነገሮችን ስም መጥራት ላይ መሻሻል አይታለች። መብራቱ ጭንቅላት ላይ የት እንደተቀመጠም ለውጥ አምጥቷል። በልጆች ላይ ያሉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ ተስፋ አለ፣ እኔም መሣሪያውን የገዛሁት ተስፋውን አምኜ ነው። ግን ይህን ብቻ ይዤ «ሄልሜቱ ይበቃዋል» ብዬ ልሸጥላችሁ አልችልም።

እዚህ ላይ ያስደነገጠኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት ሄልሜት የጀመሩ ወላጆች ቀስ በቀስ ቴራፒውን መተው ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። ቴራፒ ያደክማል፣ ቤት ውስጥም ልምምድ አለው። ሄልሜት ግን ልጁ ተቀምጦ ካርቱን እያየ ያልቃል። ነገር ግን ብርሃን ቃል አያስተምርም። ሴሉ ኃይል አገኘ ቢባል እንኳ ኃይሉ የሚውልበት ልምምድ ከሌለ ዘር ባልገባበት መሬት ላይ ማዳበሪያ መበተን ነው። ሄልሜቱ እንዳበቃ ወዲያው ወደ ቴራፒው ክፍል የምናስገባችሁም ለዚህ ነው።

የምግቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሲያጎርሱት ትን የሚለው ልጅ፣ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲደጋገም የሳንባ ምች ያመጣል። ጭራሽ ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበት ልጅም አለ፤ ያኔ እናት በምን ታውቃለች? እንዲህ ላለ ልጅ አቀማመጡ መስተካከል አለበት። አጥሚቱ ምን ያህል ይወፍር፣ በማንኪያው ምን ያህል ይያዝ፣ በጉርሻ መሃል ምን ያህል ይጠበቅ የሚለው መታየት አለበት። በጀርባው አስተኝቶ ማጉረስ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ሄልሜት አያደርግላችሁም። የመዋጥ ምዘና ያልተደረገለት ልጅ ብርሃን አይጀምርም ያልነው ልናመላልሳችሁ ፈልገን አይደለም።

ሹሩባ ይፈታ ስንል የተቆጣችሁ እናቶች፣ እሱም ምክንያት አለው። ፀጉር ብርሃኑን ያስቀረዋል። የራስ ቅልም አብዛኛውን ስለሚያስቀር አንጎል ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ሹሩባ ሲጨመርበት የከፈላችሁት ለሹሩባው ይሆናል። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ የነርቭ ሐኪሙን ደብዳቤ የምንጠይቀውም ለጥንቃቄ ነው። በዚህ አልደራደርም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ነጋዴ ሆኜ አልጀመርኩም። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ገርጂ በተከራየሁት አንድ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ወንበሩም ምንጣፉም ከቤቴ የመጣ ነበር። በኮሮና ጊዜ በሩን ስንዘጋ ሳትመጡ የወሩን ክፍያ የላካችሁ ወላጆች ነበራችሁ። ያን አልረሳም። «ብር ለመሰብሰብ» የሚለው ቃል የከበደኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲቀየር 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሄልሜቱ መለዋወጫ የሚመጣው በዶላር ነው። አከራያችንም ዝም አላለም። መብራት ሲጠፋ የምንሠራበት ኢንቨርተር ባትሪው ተቀይሯል። የቴራፒውን ዋጋ ላለመንካት የቻልኩትን ያህል ቆይቻለሁ።

አሁን የምናደርገው ይኸው ነው። ለብርሃን ብቻ ቀድማችሁ የከፈላችሁ፣ ቀሪውን ወደ ቴራፒ ማዞር ትችላላችሁ። ካልፈለጋችሁ ያልተጠቀማችሁበት ገንዘብ ሳይቆረጥ ይመለሳል። ሁለቱን አብራችሁ ለምትወስዱ የድሮው ዋጋ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቆያል። በውሳኔው ምክንያት ላቋረጡ ልጆች የመዋጥና የንግግር ምዘናው በነፃ ነው።

ሄልሜቱን ለብቻው በርካሽ የሚሰጥ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። መሄድ የምትፈልጉ ፋይላችሁን ኮፒ አድርገን እንሰጣችኋለን፣ ቅያሜም አይኖርም። ብትቆዩ ግን ደስ ይለኛል፤ ልጆቻችሁን እኮ በስም ብቻ ሳይሆን የትኛውን ማንኪያ እንደሚጠሉ ጭምር ነው የማውቃቸው። የቀረ ጥያቄ ካለ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ቢሮ ስላለሁ ግሩፑ ላይ ከምንጻጻፍ መጥታችሁ ብንነጋገር ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማዕከሉ ባለቤት