የቀዘቀዘውን ናሙና በተጠየቀበት ዕለት የማናስረክበው ለምንድን ነው? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በርዶ የተቀመጠውን የኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚገኝበት አካል) ህብረ ህዋስ በተጠየቀበት ዕለት ማስረከብና በደንበኛ እጅ መላክ ማቆማችን፣ በዚያ ላይ የማጓጓዣ ክፍያ መጨመራችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቆጣ እናውቃለን። አስቀድመን ሳንነግራችሁ መጀመራችን ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አናጥፍም። «ገንዘብ ፍለጋ ነው» መባሉም ከልብ ስለተሰማን ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን «ከሆስፒታል ሲመጣ በተራ የበረዶ ሳጥን አልነበረም ወይ?» ብላችሁ ነው። ነበር። ያን ጊዜ ግን ህብረ ህዋሱ ከሰውነት ገና የወጣ፣ ወደ በረዶነት ያልተለወጠ ነው፤ በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ፣ በረዶው በቀጥታ ሳይነካው፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከደረሰ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነው። እንቁላሎቹን የያዘው የውጭው ንጣፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ተፍቆ ተቆራረጠ፣ ከበረዶ ጉዳት የሚከላከለውን ፈሳሽ እንዲጠጣ ተደረገ፣ ቀስ እያለ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ውስጥ ገባ። ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በረዶው ሆን ተብሎ እንዲጀምር ይደረጋል፤ ከዚያ በደቂቃ 0.3 ዲግሪ ብቻ እየወረደ እስከ 40 ከዜሮ በታች ይሄዳል። ማረፊያው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ነው።

ከዜሮ በታች 135 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በታች ውሃው እንደ መስታወት ደርቆ ስለሚቆም በህዋሱ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ በላይ ከሞቀ ግን፣ ሳይቀልጥ እንኳ፣ ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች እየተያያዙ ያድጉና የህዋሱን ሽፋን ይቀድዳሉ። ናሙናው ያለበትን ብልቃጥ ከውጭ ብታዩት ያው ነው። ጉዳቱ የሚታወቀው ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የተበላሸው አይመለስም።

ሰሞኑን ድራይ አይስ (ወደ በረዶነት የተለወጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) የሞላ የፎም ሳጥን፣ አፉ በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ ናሙና ሊወሰድበት በራችን ድረስ መጥቶልን ነበር። ድራይ አይስ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ለእጅ ያቃጥላል፣ ለዚህ ሥራ ግን ሞቃት ነው።

እኛ የምንጠቀመው ድራይ ሺፐር የሚባለውን የማጓጓዣ ዕቃ ነው። ውስጡ ናይትሮጅኑን እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ግድግዳ ስላለው ቢዘነብልም የሚፈስ ፈሳሽ የለውም። ይህ ግድግዳ ጠግቦ እስኪጠጣ አንድ ቀን ይፈጃል፦ ይሞላል፣ ሲጎድል ይጨመራል፣ እንደገና ይጨመራል፣ የተረፈው ይደፋል። ከዚያ ይመዘናል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ ከልክ በላይ ከቀነሰ ወይም አንገቱ ላይ ከውጭ ውርጭ ከያዘ ሙቀት እንዳይገባ የሚከላከለው አየር አልባ ክፍተት (ቫክዩም) ተበላሽቷል ማለት ነውና ዕቃው ከሥራ ይወጣል። አምራቹ 10 ቀን ይይዛል ቢልም ያ ቀጥ ብሎ ለቆመ ነው፤ ተጋድሞ ከተጓዘ በጣም ያጥራል። በደንበኛ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ መሄዱም ለዚህ ነው የማይሆነው። ዓርብ የማንልከውም፣ መንገድ ላይ ቢዘገይ ቅዳሜና እሁድ የሙቀት ቁጥሩን አይቶ ናይትሮጅን የሚጨምርለት ሰው ስለማይኖር ነው።

ናሙናውን ከታንኩ ወደ ሺፐሩ ማስተላለፉ ራሱ የሰከንዶች ሥራ ነው። አንዱ ስምና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከብልቃጡ ያመሳክራል፤ ብልቃጡ ግን ከቀዝቃዛው ትነት አይወጣም። ለቸኮለ ሰው ስንል ይህን ብናፋጥን ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተቀባዩ ሆስፒታል ማረጋገጫም ያስፈልገናል። በምን ፈሳሽ እንደቀዘቀዘ የሚገልጸውን ወረቀት ሳያይ የሚያቀልጥ ክፍል የማቅለጫ ፈሳሹን ሊስት ይችላል።

ስለ ክፍያው፦ ሺፐሩ ባዶውን መመለስ አለበት፣ ውስጡ የሚገባው ሙቀት መዝጋቢ በየጊዜው መፈተሽ አለበት፣ ናይትሮጅኑም ሰው ቢጠይቀውም ባይጠይቀውም በየቀኑ ይተናል። ዋጋው ሲወጣ እስከ ቻልነው ድረስ ከራሳችን ችለን ነበር፤ አሁን አልቻልንም። ክፍያ ላዘገየ ደንበኛ ግን ታንኩን ሳንሞላ ያደርንበት ሌሊት የለም፣ አይኖርምም። አንድ ታንክ ብቻ በነበረን ጊዜ ያመናችሁን ሰዎች ዛሬ እንድትከፉብን አንፈልግም።

የምንለምናችሁ ይህን ነው። ሐኪማችሁ ቀን እንደቆረጠላችሁ፣ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩን። ስልካችሁ ከተለወጠ አሳውቁን። ክፍያው የከበደው ካለ ከመኮረፉ በፊት ያናግረን፤ በየወሩ ከፋፍለን እንቀበላለን። ናሙናውን ወደ ሌላ ማከማቻ ማዛወር የፈለገም በዚሁ ሺፐር፣ በዚሁ ጥንቃቄ እናደርስለታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማከማቻው ባለቤት