ይድረስ ለልጄ፦ ስለ ማዕድን እንክብሎቹና ስለ ስኳር መድኃኒትህ

ውድ ልጄ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክልኝን የማዕድን እንክብሎቹን ጠርሙስ ፎቶ አስፍቼ ከፊትም ከኋላም አነበብኩት። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ የመድኃኒት ጽሑፍ ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ከፊት ለፊቱ «የስኳር ሚዛንን ይደግፋል» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ ከኋላው ግን በደቃቅ ፊደል፣ ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ ሰፍሯል። ይህን ያሰፈረው አምራቹ ሐቀኛ ሆኖ ሳይሆን፣ እዚያ አሜሪካ በ1994 የወጣው የምግብ ማሟያዎች ሕግ ስለሚያስገድደው ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት ማሟያ የሚባለው ነገር እንደ መድኃኒት ፍቱንነቱን በቅድሚያ ሳያስመሰክር ገበያ ላይ ይውላል። እንግዲህ ከስኳር መድኃኒትህ ከሜትፎርሚን ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም እንደ ሜትፎርሚን የተፈተነ አይደለም።

በጠርሙሱ ውስጥ በዋናነት ያለው ክሮሚየም 200 ማይክሮግራም ነው፤ ጽሑፉ ራሱ የዕለቱ መጠን 571 ከመቶ መሆኑን ይናገራል። ክሮሚየም ኢንሱሊንን ያግዛል የሚባለው ከመሬት ተነሥቶ ባይሆንም፣ በስኳር ሕሙማን ላይ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም የማዕድን እጥረት ለሌለበት ሰው፣ ስኳሩን ለማውረድ ተብሎ ክሮሚየም ወይም ማግኒዥየም እንዲሰጠው አይመክርም።

እኔን ግን ላይሠራ ይችላል ከሚለው ይልቅ፣ ቢሠራስ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ አንተ ግን ግሊፒዛይድም ትወስዳለህ። ግሊፒዛይድ ምግብ ብትበላም ባትበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ የሚያዝዝ መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ ኢንሱሊንን የሚያበረታ ነገር ሲታከልበት፣ በሌሊት ታክሲ የምትነዳ ሰው መሪው ላይ እያለህ ላብ ሊያጠምቅህ፣ እጅህ ሊንቀጠቀጥ፣ የምታውቀው መንገድ ሊጠፋብህ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማህ ተሳፋሪ ቢኖርም መኪናውን ዳር አቁም፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳርህን ለካ። ካልወጣ ድገመው። ዳይት የሚባለው ለስላሳ ለዚህ አይጠቅምም።

ማግኒዥየሙን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ማግኒዥየም በሽንት ስለሚወጣ፣ እጥረቱ በእውነት ያለባቸው ሕሙማን አሉ፤ ለእነርሱ መስጠቱ ተገቢ ነው። ያንተ ጠርሙስ ግን በቀን 400 ሚሊግራም ይሰጣል፤ እዚያው አሜሪካ ከምግብ ውጭ ለሚወሰድ ማግኒዥየም የተቀመጠው ጣሪያ 350 ነው። ትርፉ ሆድ ያስቀምጣል። ሜትፎርሚንም ሆድ ስለሚያስቀምጥ የትኛው እንደሆነ ሳይለይህ ዋናውን መድኃኒት ልታቆም ትችላለህ፤ ይህ ሲሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ደግሞም ሁለቱም የሚወጡት በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ሁለቱም በደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። ለቃር የምትውጠው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት መድኃኒትም ግሊፒዛይድ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ እንደሚያደርግ ታይቷልና፣ እርሱንም ለሐኪምህ ሳትነግር አትውሰድ። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ዚንክ ለጊዜው የሚያሰጋ አይመስለኝም፤ በቀን ከ40 ሚሊግራም እያለፈ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ሰውነት መዳብ እንዲያጣ ያደርጋል።

ከሁሉ የገረመኝ፣ ይህ ሁሉ ተደርድሮ ላንተ የሚያስፈልገው ምናልባት በጠርሙሱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ የሚወስድበትን አቅም ይቀንሳል። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ሲሆን አንተ ደግሞ አጽዋማቱን ሁሉ፣ ረቡዕና ዓርብንም ሳታስቀር ትጾማለህ። ጾምህን ተው አልልህም፤ ማንም እንዲልህም አልፈልግም። ነገር ግን ጉበት ያጠራቀመው ቢ12 ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል፤ ሲገለጥም በድካምና በእግር መደንዘዝ ነው። የእግር መደንዘዝ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ስኳሩ ነርቩን ጎዳው» ብሎ ያልፈዋል፤ የቢ12 ጉድለት ቢሆን ግን በመርፌ ወይም በእንክብል ይታከማል፤ ብዙ ከዘገየ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ባለፈው በስልክ ጣቶቼን ውርር ያደርገኛል ያልከኝን አልረሳሁም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮህ ጠርሙሱን ራሱን ይዘህ ሂድ፤ ስሙን ብቻ ብትነግራቸው መጠኑን አያውቁትም። የቢ12ን፣ የማግኒዥየምንና የኩላሊትን ምርመራ እንዲያዙልህ ጠይቅ። እስከዚያ ድረስ እንክብሉን አትጀምረው፤ ሜትፎርሚኑንና ግሊፒዛይዱን ግን በሰዓታቸው ውሰድ፤ ግሊፒዛይዱን ምግብ ሳይቀርብ አትዋጥ። በጾም ወቅት የምትበላበት ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ስለሚሄድ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት። ውጤቱ ሲመጣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ቁጥሮቹን ከነመለኪያቸው እንጂ «ደህና ነው አሉኝ» የሚለውን አልቀበልም።

አባትህና እኅትህ ሰላም ብለውሃል።

እናትህ