ልጁን መሬት አውርዱት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሕፃናት ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምግባቸው ነው። ጥሩ ነው። ግን ልጅ ከመዳሁ በፊት ባሉት ወራት ሰውነቱ ምን እየሠራ እንደሆነ ማንም አይነግረንም። እኛም ቀኑን ሙሉ አቅፈነው እንውልና በኋላ "ምነው አልዳኸም?" ብለን እንጨነቃለን።

የእኔ ልጅ 8 ወሩ ነበር። በ15 ቀን የምታንሰው የጎረቤት ልጅ ዳኸች። አቤት የሰው አፍ! ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ያንቺስ?" ነው። በንዴት ሄጄ ዎከር (ልጅ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን ባለጎማ መቀመጫ) ገዛሁ፣ ሻጩም "ቶሎ ነው የሚያራምደው" አለኝ። ልጄ ደስ አለው። እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወጥ እስክሠራ እጄ ነፃ ሆነልኝ። በሦስተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እየተንከባለለ ደረጃው አፋፍ ላይ ደረሰ። አባቱ ባይደርስለት ኖሮ... ተዉት።

ለ9 ወር ክትባት ስንሄድ ለነርሷ ነገርኳት። "ሲተኛ በጀርባው፣ ነቅቶ ሲጫወት በሆዱ፣ መሬት ላይ" አለችኝ። ለካ የልጅ ሰውነት ከላይ ወደ ታች ነው የሚጠነክረው። መጀመሪያ አንገት ነው፤ 2 ወር አካባቢ በሆዱ ሲያስተኙት ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። በ4 ወሩ በክርኑ ይደገፋል፣ ወደ 6 ወር ሲጠጋ እጁን ዘርግቶ ደረቱን ያነሳል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ ወገቡ ጠንቶ ይቀመጣል። የእግር ተራ መጨረሻ ላይ ነው። ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ ግን ሚዛኑን ሳይጠብቅ በእግሩ ጣት እየገፋ ይሄዳል፣ የገዛ እግሩን እንኳ አያየውም። ካናዳ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ መሸጡንም ማስገባቱንም ከልክላለች። እኛ ጋ ለልደት ስጦታ ይመጣል።

ደግሞ ማወዳደሩ! የዓለም ጤና ድርጅት ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ ሲያይ፣ አንዱ 5 ወር አለፍ ሲል ይድሃል፣ ሌላው 13 ወር ተኩል ይሆነዋል። ብቻውን ለመራመድ ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ነው። ከ100 ልጅ 4 ያህሉ በእጅና በጉልበቱ ጭራሽ ሳይድህ ነው የሄደው። ታዲያ 15 ቀን ምንድን ነው?

ዝም ብላችሁ ጠብቁ ማለቴ ግን አይደለም። ሰውነቱ ልፍስፍስ ካለ ወይም ግትር ካለ፣ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ 9 ወር ሞልቶት ካልተቀመጠ፣ ይችለው የነበረውን ከተወ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ፀሐይም አትርሱ። ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች በመስኮት መስታወት የምትገባው ፀሐይ ትበቃለች እንላለን፣ ለአጥንቱ የሚሆነውን ጨረር ግን መስታወቱ ያስቀረዋል፤ እናቶቻችን እንዳደረጉት ውጭ አውጥቶ ማሞቅ ነው።

እኔ ብርድ ልብስ አነጠፍኩና አብሬው በሆዴ ተኛሁ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ ያለቅሳል። ፊቱ ማንኪያ አስቀመጥኩለት። አንድ ቀን ተነሳና ሄደ፣ ግን ወደ ኋላ! ማንኪያውን እያየ ወደ ኋላ ሄዶ አልጋ ሥር ገባ።

በ14 ወሩ ቆመ፣ አያቱም "ወፌ ቆመች!" እያሉ አጨበጨቡ። ዎከሩ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ይዟል። እህቴ ለልጇ እንድሰጣት ጠይቃኛለች፤ ሽንኩርቱን ውሰጂ ብያታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ