ማንዋል ካምቢዮ መግጠም ለምን እንዳቆምን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ያወጣናት አጭር ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቆጥታለች። ስልካችን አላረፈም። «እናንተም ከዳችሁን?» ያለን አለ። «ማንዋል ነክተው የማያውቁ ልጆች ቀጥራችሁ ነው» ያለንም አለ። ማስታወቂያው የሚለው ይህን ነበር፦ ተጎታች በሚጎትት ከባድ ፒክአፕ ላይ አውቶማቲኩን አውርደን ማንዋል የመግጠም ሥራ ከእንግዲህ አንቀበልም። ነገሩን በሁለት መስመር መስማታችሁ ካስቀየማችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ብዙ የታሰበበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ከፋብሪካ ማንዋል ሆኖ የወጣ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ማንም አላባረራችሁም። ፍሪሲዮን እንቀይራለን፣ ኩሽኔታ እንለውጣለን፣ የሚጮህ ማርሽ እንፈታለን። የቆመው ቅየራው ብቻ ነው።

ይህ ቤት የተከፈተው በማንዋል ነው። እኔም ሙያውን የለመድኩት መኪና ሥር ተኝቼ፣ ካምቢዮ ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው፤ ወገቤን ጠይቁት። ኤንቪ 4500 የሚባለውን ባለአምስት ማርሽ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀፎው ድፍን ብረት ነው። የአንደኛ ማርሹ ምጣኔ 5.61 ነው። ሞተሩ 5.61 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ዶጅ በናፍጣ ፒክአፖቹ ላይ የሚገጥመው ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ አንደኛ ማርሹ 2.45 ነበር። ተጎታች ጭነው ዳገት ላይ ቆመው ለሚነሱ ሰዎች ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነበር። «ማንዋል ያዙ» ያልናችሁ ለዚህ ነው። ልክም ነበርን።

ከዚያ በኋላ ግን ዓለም ዝም ብላ አልጠበቀችንም። በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሊሰን 1000 የተባለው አውቶማቲክ በሼቭሮሌና በጂኤምሲ ከባድ ፒክአፖች ላይ ባለአምስት ማርሽ ሆኖ መጣ። በ2006 ስድስተኛ ማርሽ ተጨመረለት። ፎርድ በ2003 ቶርክሺፍት ያለውን አውቶማቲክ አመጣ። በ2020 ሁለቱም ወገኖች ባለአሥር ማርሽ አውቶማቲክ ገጠሙ። የእነዚህ አንደኛ ማርሽ ከ4.5 በላይ ነው። በዚያ ላይ በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር መኪናው ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ አካባቢ ያባዛል። እስቲ አስሉት። ድሮ ማንዋልን ያነገሠው የመነሻ ጉልበት ዛሬ ያለው አውቶማቲኩ ጋ ነው።

ፋብሪካዎቹም የሚያውቁትን አውቀው ነው የተዉት። ፎርድ ለከባድ ፒክአፕ ማንዋል ያቀረበው እስከ 2010 ሞዴል ነው። የመጨረሻው ድሮ በዶጅ ስም ይወጣ የነበረው ራም ነበር፤ እሱም በ2018 ሞዴል ቆመ። የዚያን የመጨረሻ ዓመት ቁጥር ልብ በሉልኝ። ያው ባለ6.7 ሊትር ከሚንስ ሞተር፣ ጂ56 ከተባለው ማንዋል ጋር ሲገጠም የሚሰጠው ጉልበት 895 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አይሲን ከሠራው አውቶማቲክ ጋር ሲገጠም 1,260 ገደማ ይሰጣል። ፋብሪካው ራሱ ለማንዋሉ ሲል ሞተሩን አፍኖታል። ቅየራ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ያልታፈነውን ሞተር ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንዱማ በኮምፒውተር አስጨምሮበት ይመጣል።

ታዲያ ምን ይሆናል? ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ተቃጥሎ የመጣ ቮላኖ፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት፣ አይታችሁ ከሆነ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ በጣት ሲዳሰስ የለሰለሰ መስተዋት ይመስላል። ጥፍር የሚያስገቡ ቀጫጭን ስንጥቆችም ይታያሉ። ሽታውን አልነግራችሁም፣ ልብሳችን ላይ ይዘነው ቤት እንገባለን። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በአስፋልት ግልቢያ አይደለም። ተጎታቹን ወደ ኋላ እየገፉ ጠባብ ቦታ ሲያስገቡ ነው። እግር ፍሪሲዮን ላይ ግማሽ ተጭኖ፣ መኪናው ሴንቲ በሴንቲ እየሄደ። ኮንቨርተርም እኮ ይንሸራተታል፤ ግን ዘይት ውስጥ ነው የሚንሸራተተው። ሙቀቱን ዘይቱ ይወስደዋል፣ ማቀዝቀዣው ያወጣዋል። የፍሪሲዮን ሙቀት ግን መሄጃ የለውም። እዚያው ብረቱ ላይ ይቀራል።

«እኔ መንዳት እችላለሁ» የምትሉ አላችሁ። አምናለሁ። ግን መኪናውን ሁልጊዜ የምትነዱት እናንተ ናችሁ? ለሥራ የተያዘ ፒክአፕ ሹፌር ይቀያየርበታል። ዛሬ የተቀጠረ ልጅ ነገ ተጎታች ይዞ ይወጣል። ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ደግሞ የሚደወለው ለሹፌሩ ሳይሆን ለእኛ ነው።

ቅየራው ራሱም ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ብቻ አይደለም። ፔዳል አለ፣ የፍሪሲዮን ፓምፕ አለ፣ ቮላኖ አለ፣ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ርዝመት አለ። ከሁሉ የባሰው ኮምፒውተሩ ነው። አውቶማቲኩን ይፈልገዋል፤ ሲያጣው የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ ሞተሩን ይይዛል። ዕቃውም እየጠፋ ነው። ያለው ዋጋው በየጊዜው ይሰቀላል፤ አብዛኛውም የተሠራበት ነው። የተሠራበት ካምቢዮ ገጥመን ዋስትና ስንሰጥ በማናውቀው ሰው እግር መማላችን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ አላተረፍንም። የያዝነው ለእናንተ ብለን ነበር። ይህን ደግሞ ማንም አልጠየቀንም፣ ማንም አላመሰገነንም። ይሁን።

ሁለተኛው ቅሬታ የማቀዝቀዣው ነው። «ካምቢዮ ሊጠገን መጣን፣ ኮንቨርተርና የዘይት ማቀዝቀዣ አስገደዱን» ትላላችሁ። አዎ፣ አስገድደናል፤ ወደፊትም እናስገድዳለን። አውቶማቲክ ሲሞት ዝም ብሎ አይሞትም። የፍሬን ሸራ የመሰለ ብናኝና የብረት ፍቅፋቂ ይበትናል። ኮፓውን፣ ማለትም የካምቢዮውን የዘይት መያዣ፣ ስናወርድ ሥሩ ያለው ማግኔት ጠጉር አብቅሎ እናገኘዋለን። ያ ሁሉ ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ቱቦዎችና በኮንቨርተሩ ሆድ አልፏል። እነሱን ትቶ ካምቢዮውን ብቻ ማደስ፣ አዲሱን በአሮጌው ቆሻሻ ማጠብ ነው። ተጎታች ለማይጎትት መኪና ምናልባት እንደራደራለን። ለሚጎትት ግን አንደራደርም።

አሁን የምትመርጡትን እንምረጥ። አውቶማቲክ ስትገዙ የማርሽ ቁጥር አያታልላችሁ። ተጎታቹ ከነጭነቱ ስንት እንደሚመዝን እወቁ። ከዚያ የዲፈረንሻሉን የማርሽ ምጣኔ እዩ። 3.73 ለረጅም መንገድ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ሁልጊዜ ከባድ ለሚጎትት 4.10 ካምቢዮውን ያሳርፈዋል። አሊሰን 1000 ያላችሁ ደግሞ በውጭ የሚጠመዘዝ ማጣሪያ አላችሁ፤ ኮፓ ሳይወርድ ይቀየራል። ስለዚህ ሰበብ የላችሁም። ዘይት አትቀላቅሉ። የራም 68አርኤፍኢ የተባለው አውቶማቲክ ኤቲኤፍ+4 የሚባለውን ዘይት ይጠጣል፤ የአይሲኑ የራሱ ዘይት አለው። አንድ ድርጅት ሁለቱን መኪና ጎን ለጎን አቁሞ ከአንድ በርሜል ሲቀዳ አይተናል፣ ስም አንጠራም።

ስትጎትቱ የተጎታች ቁልፏን ተጫኑ። ጌጥ አይደለችም። ዳገት ላይ ማርሽ እየተቀያየረ እንዳይወላውል ትይዘዋለች፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውርዳ ፍሬናችሁን ታግዛለች። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መለኪያውንም አትርሱ። መርፌው ከለመደበት ተነስቶ ሲወጣ ካያችሁ፣ ማርሽ አውርዳችሁ ቀስ በሉ፤ ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ገለልተኛ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ተዉት። ዘይቱ እየዞረ ይቀዘቅዛል።

ማንዋል የግድ ለምትሉ፣ ከፋብሪካ ማንዋል ሆኖ የወጣውን ፈልጋችሁ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት አምጡት፣ ሥሩ ገብተን እናየዋለን። ለቆዩ ደንበኞቻችን ለዚህ አናስከፍልም።

ለቅየራ ቀብድ የከፈላችሁ ገንዘባችሁ አልተነካም። ዛሬም መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ወይም ለአውቶማቲኩ ጥገና እናዛውርላችኋለን፤ እንዲህ ላደረጋችሁ የሠራተኛ ዋጋ እንቀንሳለን፣ ከዚህ በላይ ግን አቅማችን አይፈቅድም። ስትመጡ ተጎታቹንም ጭናችሁት ኑ። ባዶ መኪና አይተን ካምቢዮ አንመርጥም። ተቆጥታችሁም ቢሆን ኑ፤ በስልክ ከምንጨቃጨቅ ኮፓው ወርዶ እያያችሁት ብንጨቃጨቅ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት