ፖስተሩ ላይ ያለውን ፊልም አሳዩን

ቀን፦ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በዳሪዮ አርጀንቶ የፊልም ፕሮግራም ላይ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

ከቆዩ ደንበኞቻችሁ አንዱ ነኝ። ባለፉት አራት ቅዳሜዎች ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ "የአስፈሪ ፊልሞች ንጉሥ" ብላችሁ የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የዳሪዮ አርጀንቶን ፊልሞች አሳይታችኋል። ለእኔና ለእህቴ ልጅ ስምንት ትኬት በአንድ ጊዜ ቆረጥኩ። አንዱ 150 ብር፣ ጠቅላላ 1,200 ብር። የቆረጥኩት በር ላይ የለጠፋችሁትን ፖስተር አይቼ ነው። ፖስተሩ ላይ ተዋናይቷ ጀሲካ ሃርፐር አለች፤ ቀይና ሰማያዊ መብራት ፊቷ ላይ በርቶባታል። ይህ የ"ሱስፒሪያ" ምስል ነው። ፊልሙ የ1977 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው የፊልም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አራቱ ቅዳሜ አለቀ። "ሱስፒሪያ" አልታየም። ያሳያችሁን የ1998፣ የ2007፣ የ2009 እና የ2012 ፊልሞቹን ነው።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። "ሱስፒሪያን" መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ እዚሁ ከተማ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ካሴቱ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነበር። ቀዩ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ምስሉ በየመሀሉ ይንሸራተታል። እንደዚያም ሆኖ ዝናቡ፣ ታክሲው፣ የልጅቷ የረጠበ ፀጉርና የፈጠጡ ዓይኖች ከአእምሮዬ አልወጡም። የፊልሙ ቅጂዎች የታተሙት በቴክኒካለር ዘዴ ነው፤ ቀለሞቹ አንድ በአንድ እየተደራረቡ ይታተማሉ። ቀዩ ያን ያህል የሚጮኸው ለዚህ ነው። ያንን ቀይ በትልቅ ስክሪን ለማየት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። የእህቴን ልጅም "ቆይ፣ ታያለሽ" እያልኩ ነው ያመጣኋት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ "የኦፔራው መንፈስ" ቀረበ። በዋናው ታሪክ መንፈስ የተባለው ሰውዬ ፊቱ የተበላሸ ነው፤ የሚደበቀውም ለዚያ ነው። አርጀንቶ ሚናውን የሰጠው ለጁሊያን ሳንድስ ነው። መልከ መልካም፣ ፀጉሩ ረጅም፣ ጭምብል የለው፣ ጠባሳ የለው። ታዲያ ከማን ነው የሚደበቀው? የእህቴ ልጅ በጆሮዬ "ጋሼ፣ እሱ ነው እንዴ የሚያስፈራው?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ለእኔ የአርጀንቶ ውድቀት የሚጀምረው ከተዋናይ ምርጫ ነው። ይህን የምለው በፊት እንዴት ይመርጥ እንደነበር ስለማውቅ ነው። "ሱስፒሪያን" ሲያስብ ገፀ ባሕርያቱ ትንንሽ ልጆች እንዲሆኑ ነበር የፈለገው። ፕሮዲውሰሩ አባቱ ሳልቫቶሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ደም የበዛበት ፊልም በሕፃናት አይሠራም ብሎ ከለከለው። አርጀንቶ አዋቂ ሴቶችን ወሰደ፤ ንግግራቸውን ግን እንደ ልጅ ተወው። የበሮቹን እጀታ ደግሞ ከፍ አድርጎ አስገጠመ። ሃርፐር በር ለመክፈት እጇን ወደ ላይ ስትሰድ ያያችሁ እንደሆነ፣ ምኑ እንደሆነ ሳታውቁት ልባችሁ ይፈራላታል። ቀጭን ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው። በዚያ በር ፊት ቆሞ ትንሽ የሚመስል ሰው ፈልጎ ነው ያገኛት።

አንጋፋዎቹንም ያውቅባቸው ነበር። በ"ሱስፒሪያ" የዳንስ ትምህርት ቤቱን ምክትል ኃላፊ የምትጫወተው ጆአን ቤኔት የ1940ዎቹ የሆሊውድ ኮከብ ናት። በ1975ቱ "ፕሮፎንዶ ሮሶ" ደግሞ ክላራ ካላማይን አምጥቷል፤ እሷም በ1940ዎቹ በጣሊያን ስሟ የገነነ ተዋናይት ነበረች። ለምን እሷን እንደመረጠ እዚህ አልጽፍም። ፊልሙን ያላየ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነበው ይበላሽበታል።

ወደ ኋላው ዘመን ስንመጣ ሚናው በዝምድና የሚሰጥ ይመስላል። ልጁን አሲያ አርጀንቶን አልወቅሳትም፤ ጎበዝ ተዋናይት ናት። በ1993ቱ "ትራውማ" ታዳጊ ሆና የታዳጊ ሚና ስትጫወት ልክ ነበረች። በ1996 ግን ሃያ ዓመት ገደማ ላይ ሆና መርማሪ ፖሊስ አደረጋት። እናንተ ባሳያችሁን በ1998ቱ ዘፋኝ፣ በ2007ቱ "የእንባ እናት" የጥንት ቅርስ ጠጋኝ፣ በ2012ቱ "ድራኩላ" ደግሞ ሉሲ የተባለችውን ገፀ ባሕርይ ናት። "የእንባ እናት" በ"ሱስፒሪያ" የተጀመረው የሦስት ጠንቋዮች ታሪክ መደምደሚያ ነው። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 27 ዓመት የተጠበቀ ፊልም ነው። በፊልሙ የአሲያ ሟች እናት መንፈስ ሆና የምትመጣው የአሲያ እውነተኛ እናት ዳሪያ ኒኮሎዲ ናት፤ "ሱስፒሪያን" ከአርጀንቶ ጋር የጻፈችው። ቤተሰብ አንድ ላይ ማየት ደስ ይላል። ፍርሃቱ ግን የለም። ደሙ በዝቷል፤ ያ ጨለማ ኮሪደር፣ ያ ዝግ ያለ እርምጃ ጠፍቷል።

በ2009ኙ "ጃሎ" አድሪያን ብሮዲ መርማሪውንም ገዳዩንም ይጫወታል። ገዳዩን ሲሆን ፊቱን በሜካፕ ሸፍነው፣ የስሙን ፊደላት አገላብጠው "ባይረን ዴይድራ" ብለው ጽፈውታል። የኦስካር ተሸላሚ ነው፤ ችሎታ አያንሰውም። ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ ከማሰብ ይልቅ ሜካፑን ስመረምር ፊልሙ አለቀ።

ትናንት የታየው "ድራኩላ" ከሁሉም የከፋው ነው። ቶማስ ክሬችማን ድራኩላ፣ ሩትገር ሃወር ደግሞ ድራኩላን የሚያሳድደው ቫን ሄልሲንግ። ካሜራውን የያዘው ሉቺያኖ ቶቮሊ ነው፤ "ሱስፒሪያን" ያነሳው ያው ሰው። ይህን ሳውቅ ተስፋ አድርጌ ነበር። መብራቱ እንደ ሱቅ መብራት ሁሉንም እኩል ያበራል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ፊልሙ የተሠራው በ3ዲ መነጽር እንዲታይ ሲሆን እናንተ ያለ መነጽር ነው ያሳያችሁን። ድራኩላው ፌንጣ የመሰለ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጥረት ሆኖ ደረጃውን ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የእህቴ ልጅም ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና ዝም አለች። ያሳዘነችኝ መሰላት።

ስንወጣ በሐይቁ ዳር በእግራችን ሄድን። ብዙም አላወራንም። ጊዮርጊስ አካባቢ ስንደርስ "ጋሼ፣ ሰውየው ድሮ በእውነት ጎበዝ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። እሷና እዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ወጣቶች አርጀንቶ ማለት ያ ፌንጣ ነው ብለው ነው የሄዱት። ፖስተሩ ያለው ሌላ፣ የታየው ሌላ።

ሰውየው እስከ መጨረሻው አልቻለም ማለቴ አይደለም። በ2022 ባወጣው ፊልም መሪነቱን ለኢሌኒያ ፓስቶሬሊ ሰጥቶ ልጁን በረዳት ሚና አስገባት፤ ሁለቱም በልካቸው ሆነዋል። የኋላ ፊልሞቹን ማሳየትም መብታችሁ ነው። "የኋላ ዘመን ፊልሞቹ" ብላችሁ፣ የእነሱኑ ፖስተር ለጥፋችሁ አሳዩ። ማየት የፈለገ አውቆ ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። "ሱስፒሪያንና" "ፕሮፎንዶ ሮሶን" ጥራት ካለው ቅጂ አሳዩን፤ ትኬቱን ይዞ ለመጣ ሰውም ተጨማሪ አታስከፍሉ። ይህ ካልተቻለ 1,200 ብሬን መልሱልኝ። ፖስተሩ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሩ ላይ ነበር፤ ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ ይነሳ። ከእንግዲህም የፊልሙ ስምና የተሠራበት ዓመት ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ይጻፍ።

ስምንቱን ትኬቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስሜና ስልኬ ከጀርባቸው ተጽፏል። "ሱስፒሪያን" የምታሳዩ ከሆነ ደውሉልኝ፤ የእህቴን ልጅ ይዣት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር