የገጠር ካውንቲ ገቢ ሲዘገብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አሜሪካ የገጠር ካውንቲዎች ስትጽፉ የቤተሰብ ገቢን አንድ በአንድ ተቆጥሮ እንደተገኘ አታቅርቡት። ግምት ነው። ከ65,000 ሰው በታች የሚኖርበት ካውንቲ ውስጥ በዓመት የሚጠየቀው ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የአምስት ዓመት መልስ ሰብስቦ ነው ሚዲያኑን፣ ማለትም መሃል ላይ ያለውን ቤተሰብ ገቢ የሚያወጣው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ2018–2022ን ከ2019–2023 ጋር አስተያይቶ «ገቢ ጨመረ» ማለት አያስኬድም፤ አራቱ ዓመት እኮ የጋራቸው ነው!

ሴይፒ (SAIPE) የሚባለው የዚሁ ቢሮ ዓመታዊ የገቢ ግምት የቤተሰብ መጠይቁን ከግብር መረጃ ጋር በሞዴል ያጣምራል። ጥሩ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የመጠይቅ ምንጩ ስለተቀየረ የፊቱንና የኋላውን ዝም ብሎ በአንድ መስመር መቀጠል ያሳስታል። ደግሞ የየዓመቱ ዶላር ነው፤ የዋጋ ንረት አልተቀነሰለትም። 40,000 የነበረው 50,000 ቢደርስና ዋጋም በሩብ ቢጨምር ቤተሰቡ ያው ባለበት ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ወጣቱ ለሥራ ለቆ ጡረተኛው ሲቀር የማንም ደመወዝ ሳይነካ ሚዲያኑ ይወርዳል፣ ይሄንን ግን ዘገባዎቻችሁ አያነሱትም።

እባካችሁ ከቁጥሩ ጎን የግምቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አትሙልን።