ሰብልዬ፣ በማሙሽ ጉዳይ ላስቸግርሽ

ሰብልዬ፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳልልሽ ልጅቷ ቆማ መሄድ ጀመረች አሉ። በምን ፊቴ እንደምጽፍልሽ እንጃ። ይቅርታ፤ ስንገናኝ የፈለግሽውን ያህል ትሰድቢኛለሽ። አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ።

ማሙሽ ነው። ያ አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ ጢም አብቅሎ፣ ስልኩ ላይ የፓትሪክ ቤትማንን ፎቶ ለጥፏል። የ«አሜሪካን ሳይኮ»ን ገዳይ! እሱና ጓደኞቹ ፊልሙን አይተው ሱፉና ስፖርቱ ማርኳቸዋል። «ቀልድ እኮ ነው» ይለኛል። ከመቆጣቴ በፊት እስቲ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ላንብበው ብዬ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛሁት።

አይ ሰብልዬ! ደሙን እንኳ ጠብቄው ነበር። ሰውየው የሱፉን ማርካ፣ የፊቱን ቅባት፣ ራት የሚበላበትን ቤት ገጽ ሙሉ ይዘረዝርልሻል። በዚያው ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ ለማኝ ዓይን በቢላ ያጠፋል፣ የውሻውን እግር ይሰብራል፣ ሳንቲም ወርውሮለት ይሄዳል። ገጹን ስትገልጪ ምን አለ መሰለሽ? ስለ ጀነሲስ ባንድ አልበሞች ትንታኔ! ዘግቼው ሽሮ ልሠራ ተነሣሁ፤ ሽንኩርት መክተፍ አቃተኝ።

ለካ በፈረንጆቹ 1990 ሲሞን ኤንድ ሹስተር የሚባለው አሳታሚ ለደራሲው ከከፈለ በኋላ «አላትምም» ብሎ ነበር፤ በ1991 ቪንቴጅ የሚባል ሌላ አሳታሚ አወጣው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። የኛ ላስቲክ ጋዜጣ ነበር፤ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ሸፍነን ዶርም ውስጥ ስንቀባበል ጭንቀታችን ፕሮክተሯ ብቻ ነበረች። ስብሐት ጋ ግን ብልግናው ውስጥ ሰው አለ፤ የውቤ በረሃ ሴቶች ይስቃሉ፣ ያስቁሻል። እዚህ ግን ቤትማንና ጓደኞቹ እርስ በርሳቸው እንኳ ማን ማን እንደሆነ አይለዩም።

እና ደግሞ... እንዴት ልበልሽ... ሳቅኩ። በቢዝነስ ካርድ ይቀናናሉ፣ አስቢው፤ የጓደኛው ካርድ በለጠኝ ብሎ ሊታመም ይደርሳል! ብቻዬን ተንከተከትኩ። ከዚያ የልብሱ ዝርዝር ሲሰለቸኝ ገጽ እየዘለልኩ «መቼ ነው ደግሞ የሚገድለው?» ማለት ጀመርኩ። እኔ! ዶሮ ሲታረድ የምሸሸው! ታዲያ ማሙሽን በምን አፌ ልቆጣው?

አንቺን ይሰማል፤ ደውዪለት። እንዳትቆጪው ብቻ። ለማኙ ፊልሙም ላይ አለ፤ እንደ ዋዛ አንሺና ስለሱ ጠይቂው። ይስቅ እንደሆነ፣ ዝም ይል እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ፊቱን እያየሁ መጠየቅ ፈራሁ፤ ቢስቅስ?

መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም። «ተይው» ካልሽኝ እተወዋለሁ... ምናልባት።

ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ርዕሱን ብቻ ሰምታ ጠበል ትወስደናለች፣ እሱንም እኔንም።

ያቺው ጠፊዋ